የሙዚቃ ተማሪን በሕዝብ ፊት መፈተን፦ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አምስት አሠራሮች የትኛው ለእናንተ ይሆናል?

የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለው ወይም ቤቱ ልጆች ሰብስቦ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ተማሪዎቹን መድረክ ላይ ያውጣ? ካወጣስ ለውድድር ነው፣ ለፈተና ነው፣ ወይስ ወላጅ አጨብጭቦ እንዲሄድ? ብዙ ጊዜ ሦስቱም ይደባለቁና ለማንም የማይሆን ዝግጅት ይወጣል። ልጁ እየተፈተነ ይሁን ኮንሰርት እያቀረበ አያውቅም። ወላጅ "ስንተኛ ወጣ?" ይላል። አስተማሪው ደግሞ አዳራሽና ወንበር ሲያሯሩጠው ይውልና ማን እንዴት እንደተጫወተ በቅጡ ሳይሰማ ይመሻል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ኮንሰርቫቶሪዎች፣ ማለትም ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች፣ እየበዙ ሲሄዱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መልስ ሰጥተውበታል። ዛሬ የምናውቀው የዳኞች ጠረጴዛ፣ ሜዳሊያው፣ የግሬድ (የደረጃ ፈተና) ሰርተፊኬቱ፣ የዓመት መዝጊያ ኮንሰርቱ፣ አብዛኛው መልኩን የያዘው ያኔ ነው። ስለዚህ ከመገመት እነሱ የሠሩትን፣ የተሳካላቸውንና የተበላሸባቸውን ማየት ይሻላል። አምስቱን መርጫለሁ፦ ፓሪስ፣ ላይፕዚግ (ጀርመን)፣ ሩሲያ፣ ጣሊያንና ለንደን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መለኪያ እንያዝ

ስም ይቅር። ፓሪስ ስለተባለ ትልቅ ነው፣ ታዋቂው ጀርመናዊ ሙዚቃ ደራሲ ሜንደልሰን ስላቋቋመው ጥሩ ነው አንልም። እኔ በአምስት ነገር ነው የማያቸው።

የሚፈርደው ማን ነው? የራሱ አስተማሪ፣ ከውጭ የተጠሩ ዳኞች፣ ጋዜጣ ወይስ አዳራሹ? ቀጥሎ፣ ምን ይጫወታሉ? ሁሉም አንድ ሥራ ከተጫወተ ማወዳደር ይቀላል፤ የየራሱን ከመረጠ ግን ማንነቱ ይታያል። ሦስተኛ፣ ያ ቀን ቢበላሽበት ምን ያጣል? እጁ ስለተንቀጠቀጠ የሚቀርበት ጭብጨባ ብቻ ነው ወይስ የዓመታት ልፋቱ? አራተኛ፣ ጥሩ ቢጫወትስ ምን በር ይከፈትለታል? አምስተኛው ወጪ ነው፤ የአዳራሽ ኪራይ፣ የፒያኖ ቅኝት፣ የአጃቢ ክፍያ፣ የዳኛ አበል፣ ኦርኬስትራ ካለ ደግሞ ሌላ ጉድ።

ከአምስቱ ለእኔ ሦስተኛው ይበልጣል። በዘጠኝ ዓመቱ መድረክ ላይ አፍሮ የወረደ ልጅ ከዚያ በኋላ መሣሪያውን ላይነካው ይችላል። አስተማሪ የሆነ ሰው ይህን ያውቃል። ሌሎቹ መለኪያዎች ከዚህ በኋላ ይምጡ።

ፓሪስ፦ ለይቶለት ውድድር

የፓሪስ ኮንሰርቫቶር የተመሠረተው በ1795 ነው። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲበረታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጁላይ ላይ፣ ክፍሎቹ ተራ በተራ በሕዝብ ፊት ይወዳደራሉ። ፒያኖ ለብቻ፣ ቫዮሊን ለብቻ፣ ድምፅ ለብቻ። ፒያኖ ላይ ወንዶችና ሴቶችም ተለያይተው ነበር የሚወዳደሩት። ዳኞቹ ይሰማሉ፣ ይመካከራሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ውጤቱም እዚያው በዕለቱ ይነገራል። አንደኛ ሽልማት፣ ሁለተኛ ሽልማት፣ ከእነሱ በታች ደግሞ አንደኛና ሁለተኛ ማበረታቻ አለ። ጋዜጦች ዝርዝሩን ያወጣሉ። አዳራሹ በፍርዱ ካልተስማማም ዝም አይልም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አንደኛ ሽልማት በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ተማሪ ሊያገኘው ይችላል፤ ደረጃው ላይ የደረሰ ከሌለ ደግሞ ለማንም አይሰጥም። የሚለካው ከጎረቤቱ መብለጡ ሳይሆን ደረጃው ላይ መድረሱ ነው ማለት ነው። ይህን አሠራር ኮርጀው "አንድ አሸናፊ ብቻ" የሚያደርጉ ትምህርት ቤቶች ከፓሪስ የወሰዱት መጥፎውን ብቻ ነው፤ ፓሪሶች ራሳቸው እንዲያ አላደረጉትም።

የሚጫወቱት ብዙውን ጊዜ ለክፍሉ የታዘዘ አንድ ሥራ ነው። በዚያ ላይ አይተውት የማያውቁት ኖታ ይሰጣቸውና እዚያው ይጫወታሉ። ለትንፋሽ መሣሪያዎች ትምህርት ቤቱ አዲስ ሥራ ያጽፍ ነበር፤ ፈረንሳዊው ደራሲ ፎሬ በ1898 ለፍሉት ክፍል ውድድር የጻፈው ፋንታዚ እስከ ዛሬ ፍሉት ተማሪ ሁሉ የሚያልፍበት ሥራ ሆኗል። ይህ የአሠራሩ ትልቁ ትሩፋት ይመስለኛል። ፈተናው ራሱ ሙዚቃ ወለደ። ጉዳቱም ግልጽ ነው። ሙዚቃ ደራሲው በርሊዮዝ በዚህ ላይ የጻፈው ቀልድ አለ፤ ሠላሳ ገደማ ተማሪዎች አንድ የሜንደልሰን ኮንቼርቶ (ለአንድ መሣሪያና ለኦርኬስትራ የሚጻፍ ሥራ) በአንድ ፒያኖ ላይ ሲደጋግሙት ውለው፣ በመጨረሻ ፒያኖው ያለ ሰው እጅ ራሱ መጫወት ይጀምራል፤ ማስቆምም ያቅታቸዋል። ከሃያ ልጅ አንድ ዜማ ያዳመጠ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ይህ መድረክ ለማን ይሆናል? ለደፋርና ለደረሰ ልጅ። ቬንያቭስኪ በ1846 የቫዮሊኑን አንደኛ ሽልማት ሲወስድ ገና 11 ዓመቱ ነበር፤ ክራይስለር በ1887 ሲወስድ 12። ሴዛር ፍራንክ በ1838፣ በ15 ዓመቱ፣ በፒያኖ ውድድር ላይ የማያውቀው ኖታ ሲሰጠው እንደተጻፈው አልተጫወተውም፤ ዝቅ አድርጎ ወደ ሌላ ቃና እየቀየረ ተጫወተው።  የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ኬሩቢኒ፣ በጥብቅነቱ የታወቀው ሰው፣ ልዩ የክብር ሽልማት እንዲሰጠው አደረገ።

አሁን ሌላውን ገጽ እንይ። በኋላ ታላቅ ሙዚቃ ደራሲ የሆነው ደቡሲ በአሥር ዓመቱ ገባ። በ1874 በሾፓን ሁለተኛ ኮንቼርቶ ሁለተኛ ማበረታቻ አገኘ። በ1875 አንደኛ ማበረታቻ። በ1876 ምንም። በ1877 በሹማን ሶናታ ሁለተኛ ሽልማት። በ1878 ምንም። በ1879 ምንም። በየዓመቱ እዚያው መድረክ፣ እዚያው ሕዝብ ፊት፣ ከልጅነት እስከ ጉርምስና። የፒያኖ ሊቅ ሆኖ የመኖር ተስፋው እዚያ ላይ አበቃ። ሙዚቃ ደራሲ ስለሆነ እሰየው እንላለን፤ ግን ደቡሲ ያልሆነው፣ ስሙን የማናውቀው ሌላው ልጅ የት ገባ? ሌላው ታላቅ ፈረንሳዊ ደራሲ ራቬልም የሚጠበቅበትን ሽልማት ስላላገኘ በ1895 ከትምህርት ቤቱ ወጥቷል፤ ተመልሶ ፎሬ ዘንድ ድርሰት የተማረው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱን የዘመኑን ታላላቅ ሰዎች በዚህ መልኩ የጣለ ወንፊት ቀዳዳው ትክክል ነው ለማለት ይከብደኛል።

ወጪው መካከለኛ ነው። ኦርኬስትራ አይጠይቅም፤ ጥሩ ዳኛና ጥሩ አጃቢ ግን ግድ ነው። ዳኛ ላይ ከቆጠባችሁ ባታደርጉት ይሻላል።

ላይፕዚግ፦ ትንሹ ምሽትና ትልቁ ፈተና

ሜንደልሰን የላይፕዚግን ኮንሰርቫቶሪ የከፈተው በ1843 ነው። መነሻ ገንዘቡ ብሉምነር የሚባል ሰው በኑዛዜ ከተወው 20 ሺህ ታለር የመጣ ነበር። ትምህርት ቤቱ የነበረው የከተማዋ ታዋቂ የኮንሰርት አዳራሽ ጌቫንድሃውስ ግቢ ውስጥ ነው። ተማሪው ክፍሉ ውስጥ ተለማምዶ ሲወጣ ትልቁ መድረክ ያለው በር ላይ ነው።

እዚህ ሁለት ደረጃ አለ። አንደኛው የምሽት ዝግጅት ነው። ተማሪዎች በአስተማሪዎቻቸውና በጓደኞቻቸው ፊት፣ ጥቂት እንግዶች ባሉበት፣ ያዘጋጁትን ይጫወታሉ። ሽልማት የለ፣ ደረጃ የለ። በመደበኛነት ይደረግ ስለነበር መድረክ ላይ መውጣት ብርቅ አይሆንም። ሁለተኛው ዋናው ፈተና ነው። ይሄ ጌቫንድሃውስ አዳራሽ ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት የሚደረግ ነው፤ ኮንቼርቶ የሚጫወተው ተማሪ ከኦርኬስትራ ጋር ይጫወታል፣ ድርሰት የተማረው የራሱን ሥራ ያቀርባል፣ የሙዚቃ ጋዜጦችም ይዘግባሉ። ሲዘግቡም የተማሪውን ስም ከነመጣበት ከተማ ነው የሚጽፉት፤ እከሌ ከበርገን፣ እከሌ ከለንደን። ለአንድ የ18 ዓመት ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አገሩን ይዞ ነው መድረክ ላይ የሚወጣው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሊቫን ከለንደን በስኮላርሺፕ መጥቶ በ1861 ፀደይ የመመረቂያ ሥራውን፣ ለሼክስፒር "ማዕበል" ተውኔት የጻፈውን ሙዚቃ፣ ጌቫንድሃውስ ውስጥ ራሱ መርቶ አስደመጠ። በዓመቱ ያው ሥራ ተስፋፍቶ ለንደን ክሪስታል ፓላስ ሲቀርብ በአንድ ቀን ታዋቂ ሆነ። ኖርዌጂያዊው ደራሲ ግሪግ ደግሞ በ1862 ፋሲካ ሰሞን በዋናው ፈተና ላይ የራሱን የፒያኖ ሥራዎች ተጫወተ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው እነዚያ ሥራዎች የሱ የመጀመሪያ ሥራ (ኦፐስ 1) ተብለው ታተሙ። ሁለቱም የተጫወቱት የሌላ ሰው የታዘዘ ሥራ አይደለም። የራሳቸውን ነው።

ተማሪው ሲሰናበት የሚይዘው ወረቀት ላይ አስተማሪዎቹ እያንዳንዳቸው ስለ እሱ የሚሉትን ይጽፉለታል። ስንተኛ እንደወጣ አይደለም፤ ምን እንደሚችል፣ እንዴት እንደሠራ። እኔ የትምህርት ቤት ኃላፊ ብሆን ከአምስቱ ቀድሜ የምወስደው ይህን ወረቀት ነው፤ ቀጥሎ ትንሹን ምሽት። ሁለቱም ብር አይጠይቁም። ብዙ ሰው ላይፕዚግ ሲባል ትልቁን አዳራሽና ኦርኬስትራውን ያይና "የት አቅም አለንና" ብሎ ይተወዋል። ትልቁ አዳራሽ ፍሬው ነው። ሥሩ ያለው ትንሹ ምሽት ላይ ነው።

ድክመት የለውም አልልም። ዳኛው የራሱ ቤት ሰው ስለሆነ ይራራል፣ ወይም የራሱን ልማድ ያልተከተለውን ይጫናል። ግሪግ ራሱ በኋላ ዘመኑ ስለዚህ ትምህርት ቤት በምሬት ነው የተናገረው። ወግ አጥባቂ ነበር፤ ከሜንደልሰን ሞት በኋላ ደግሞ ባሰበት። ከውጭ አንድ ጆሮ ማምጣት ይህን ያቃልለዋል።

ሩሲያ፦ አንድ ትልቅ ሥራ፣ አንድ ቀን

ሩሲያዊው ፒያኒስትና ደራሲ አንቶን ሩቢንስታይን የሴንት ፒተርስበርግን ኮንሰርቫቶሪ በ1862 ሲከፍት ከትምህርቱ በላይ አንድ ነገር ፈልጎ ነበር፤ ሩሲያ ውስጥ ሙዚቀኛ የሚባል በሕግ የታወቀ ሙያ እንዲኖር። ስለዚህ ፈተናውን ያለፈ "ነፃ አርቲስት" የሚል ማዕረግ ያገኛል፤ ማዕረጉም መብት ያስገኛል። ፈተናው ከበድ ያለው ለዚህ ነው። የሚሰጠው ጭብጨባ ሳይሆን እንጀራ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ውስጥ ታላቁ ሙዚቃ ደራሲ ቻይኮቭስኪ አለበት። የፍትሕ ሚኒስቴር ሥራውን ትቶ የገባ ሰው ነው። ሩቢንስታይን የመመረቂያ ሥራ ብሎ የጀርመናዊውን ገጣሚ የሺለርን የደስታ ግጥም ለድምፃውያን፣ ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ እንዲያዜም አዘዘው። ቤትሆቨን በዘጠነኛው ሲምፎኒው ያዜመውን ግጥም ማለት ነው! ለተማሪ የሚሰጥ ሸክም አይደለም። ሥራው በሩሲያ አቆጣጠር ዲሴምበር 29፣ 1865 ቀረበ። ሩቢንስታይን መራ፣ ፈታኞች ተቀመጡ፣ እንግዶች ገቡ። ቻይኮቭስኪ ግን የለም። ከኮንሰርቱ በፊት በሕዝብ ፊት የቃል ጥያቄ ስለነበረ ያንን ፈርቶ ቀረ። ሩቢንስታይን በጣም ተቆጣ፤ ዲፕሎማውን ልከልክለው እስከማለት ደረሰ። በመጨረሻ የብር ሜዳሊያ አግኝቶ አለፈ። ኩዊ የሚባለው ሐያሲ ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ጋዜጣ ላይ ጭራሽ ደካማ ነው ብሎ ጻፈበት።

ይህን ታሪክ አስተማሪዎች ሁሉ ቢያውቁት እወዳለሁ። ሥራውን መጻፍ ያልከበደው ሰው፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ ጥያቄ መመለስ ግን ከበደው። ሁለቱ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። አንዱን በሌላው መለካት ጥፋት ነው።

ሞስኮ ላይ አሠራሩ በሌላ መልኩ አማረ። በ1892 ሦስት የድርሰት ተመራቂዎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚያዜሙት አንድ ዓይነት የኦፔራ ግጥም ተሰጣቸው፤ ሐበሻ አንባቢ ከሚወደው ከፑሽኪን የተወሰደ ነው። ራህማኒኖቭ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ "አሌኮ"ን ጽፎ ጨረሰ። ታላቁን የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ፈታኞቹ መካከል ተጣልቶት ለዓመታት ሳያናግረው የቆየው የቀድሞ የፒያኖ አስተማሪው ዝቬሬቭ ነበረ፤ ተነሥቶ አቀፈውና የራሱን የወርቅ ሰዓት አውልቆ ሰጠው። በዓመቱ ኦፔራው ቦልሾይ ቲያትር ላይ ታየ። ከፈተና ወደ ትልቁ መድረክ ከዚህ ያጠረ መንገድ አላውቅም።

ይህ አሠራር ውድ ነው። ኦርኬስትራ፣ መዘምራን፣ ልምምድ፣ የኖታ ቅጂ። ሥነ ልቦናውም ውድ ነው፤ የዓመታት ትምህርት በአንድ ሥራ ላይ ይንጠለጠላል። ለልጅ በፍጹም አይሆንም። ለተመራቂ ግን የሚያስከብር ነው።

ጣሊያን፦ ትርኢቱ ራሱ ፈተና ሲሆን

ኔፕልስና ሚላን ላይ ተማሪው የሚታየው ሥራው ሲቀርብ ነው። ቤሊኒ በ1825 "አደልሶንና ሳልቪኒ" የሚል ኦፔራ በኔፕልስ ኮንሰርቫቶሪ ትንሽ ቲያትር አቀረበ፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ ወንድ ተማሪዎች ነበሩ፣ የሴቷን ገጸ ባሕርይ ጨምሮ። በቀጣዩ ዓመት ትልቁ ሳን ካርሎ ቲያትር ሌላ አዲስ ኦፔራውን አሳየ። ፑቺኒ ደግሞ በጁላይ 1883 ከሚላን ሲመረቅ የትምህርት ቤቱ ኦርኬስትራ በፋቾ መሪነት የሱን "ካፕሪቾ ሲንፎኒኮ" ተጫወተለት። ፊሊፒ የሚባለው የከተማዋ ተሰሚ ሐያሲ ጋዜጣ ላይ አመሰገነው፤ ስሙ ወጣ።

ጥንካሬው ሁሉም ተማሪ ሥራ ማግኘቱ ነው። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላው ከኦርኬስትራው ኋላ ተቀምጦ ይነፋል። ደካማው ተማሪ ብቻውን አይጋለጥም። ድክመቱም እዚያው ላይ ነው፤ ማን ምን ያህል እንደቻለ ለይቶ ማወቅ ይከብዳል። ፈተና ለሚፈልግ ብቻውን አይበቃም።

ለንደን፦ ኮንሰርቱን ከፈተናው መለየት

የለንደኑ ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚውዚክ በ1822 ተመሠረተ። ተማሪዎቹ ሃኖቨር ስኩዌር በሚባለው አዳራሽ ለሕዝብ ይጫወቱ ነበር። በ1833 ስተርንዴል ቤኔት የሚባል የ17 ዓመት ልጅ የራሱን የፒያኖ ኮንቼርቶ ሲጫወት ከአድማጮቹ መካከል ሜንደልሰን ነበር። ጀርመን እንዲመጣ ጋበዘው፤ እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ወዳጅ። አንድ ትክክለኛ ሰው አዳራሹ ውስጥ መቀመጡ ከአሥር ሜዳሊያ ይበልጣል።

ክፍለ ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ግን ለንደን ሌላ መንገድ ቀየሰች። በ1889 ሮያል አካዳሚና ሌላው የከተማዋ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሮያል ኮሌጅ ተባብረው አንድ የፈተና ቦርድ አቋቋሙ። ዛሬ ለንደን ወይም ዱባይ ልጁን ፒያኖ የሚያስተምር ወላጅ የሚያውቀው የግሬድ ፈተና ከዚያ የመጣ ነው። ፈታኙ ከውጭ ይመጣል፣ ክፍሉ ይዘጋል፣ ሕዝብ የለም። ልጁ የተዘጋጀባቸውን ሥራዎች ይጫወታል፣ ስኬል ይጫወታል፣ አዲስ ኖታ ያነባል። ዛሬ ከ150 ነጥብ 100 ያገኘ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ላይ ፈታኙ አስተያየት ይጽፋል። የአዲስ አበባውም የለንደኑም ልጅ በአንድ ሚዛን ይመዘናል።

የሚያስከፍለው የመመዝገቢያ ክፍያ ነው እንጂ አዳራሽ የለም። ፍርሃቱም ይቀንሳል። አደጋው ሌላ ነው፤ ትምህርቱ ሁሉ ፈተናው ላይ ይወድቅና ልጁ በዓመት ሦስት ሥራ ብቻ አጥንቶ ይቀራል። መድረክ የሚባል ነገርም ሳያይ ስድስተኛ ግሬድ ይደርሳል። በተዘጋ ክፍል ብቻ የተጫወተ ሰው ሙዚቃ ለሰው የሚሰጥ ነገር መሆኑን በምን ያውቃል?

በአንድ ገጽ ሲታይ

| አሠራር | የሚፈርደው | የሚጫወቱት | ቢበላሽ የሚያጡት | የሚከፈተው በር | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፓሪስ | የዳኞች ቡድን፣ በዕለቱ | የታዘዘ አንድ ሥራና አዲስ ኖታ | ብዙ፤ ዓመቱን፣ አንዳንዴ ቦታቸውን | ስምና ዝና | መካከለኛ |
| ላይፕዚግ፣ ትንሹ ምሽት | ማንም፤ አስተማሪው ይመክራል | የየራሳቸውን | ምንም | የመድረክ ልምድ | እዚህ ግባ የማይባል |
| ላይፕዚግ፣ ዋናው ፈተና | አስተማሪዎችና ጋዜጣ | ኮንቼርቶ ወይም የራሳቸው ድርሰት | መጠነኛ | ጥሩ የመሰናበቻ ወረቀት | ከፍተኛ |
| ሩሲያ | የፈታኞች ጉባኤ | አንድ ትልቅ ሥራ | በጣም ብዙ | ማዕረግ፣ ሥራ | በጣም ከፍተኛ |
| ጣሊያን | አድማጩና ሐያሲው | የጋራ ትርኢት | ጥቂት | የቲያትር ጥሪ | ከፍተኛ |
| ለንደን (ከ1889 ወዲህ) | አንድ የውጭ ፈታኝ | የተመረጡ ሥራዎች፣ ስኬል፣ አዲስ ኖታ | ጥቂት፤ መድገም ይቻላል | ሁሉም ጋ የሚታወቅ ሰርተፊኬት | ዝቅተኛ |

እንግዲህ ለማን የትኛው?

*ቤት ውስጥ ጥቂት ልጆች የምታስተምሩ ከሆነ።* የላይፕዚግን ትንሹን ምሽት ውሰዱ፣ ሌላውን እርሱት። በየሳምንቱ ካልቻላችሁ በወር አንዴ። ሳሎን ይበቃል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ነገር ይጫወት፤ ያልጨረሰው ልጅም የደረሰበትን ይጫወት። ወላጅ በየተራ ይምጣ እንጂ ሁሉም በአንድ ቀን አይምጣ፤ የአዋቂ ብዛት ነው ልጅን የሚያስፈራው። ዓመቱ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ግማሽ ገጽ ጻፉለት። ምን እንደቻለ፣ ምን እንደቀረው፣ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደምትሞክሩ። ፒያኖውን ማስቃኘት ብቻ እንዳትረሱ፤ ከቅኝት የወጣ ፒያኖ ላይ የሚፈተን ልጅ ጥፋቱ የሱ ይመስለዋል።

*ከፍላችሁ የምታስተምሩ፣ ወላጅ ውጤት የሚጠይቃችሁ ትምህርት ቤቶች።* ለንደንን ከላይፕዚግ ጋር አጣምሩ። ፈተናው በዝግ ክፍል፣ ከውጭ በመጣ አንድ ሰው። ኮንሰርቱ ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ያለ ነጥብ። ልጁ መድረክ ሲወጣ ፈተናውን አልፎ ስለሆነ በነፃነት ይጫወታል፤ ወላጅም የሚፈልገውን ወረቀት አግኝቷል። ሁለቱን በአንድ ቀን አታድርጉ።

*ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት የምታስተምሩ።* የፓሪሱ "ሁሉም አንድ ሥራ" እንዳለ አይሆንላችሁም። ማሲንቆ ተጫዋች ዋጋው ያለው በሚጨምረው ላይ ነው፤ ኖታው ላይ ያለውን ብቻ ተጫወት ማለት ግማሹን ችሎታ መቁረጥ ነው። ሥራውን ሳይሆን ቅኝቱን እዘዙ። ሁሉም በትዝታ፣ ወይም ሁሉም በባቲ ይምጣ፤ ዜማውን ራሱ ይምረጥ። በአዲስ ኖታ ንባቡ ፋንታ ደግሞ ዳኛው አንድ አጭር ዜማ ያሰማና ልጁ ሰምቶ ይመልስ። ማወዳደርም ይቻላል፣ የተማሪውም እጅ ይታያል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ጨምሮ የአገር መሣሪያና የፈረንጅ መሣሪያ ጎን ለጎን በሚሰጥበት ቤት ለሁሉም ክፍል አንድ የፈተና ደንብ ማውጣት ፍትሕ አይመስለኝም።

*የዲግሪ ተመራቂዎች ያሏችሁ።* ሩሲያ። አንድ ትልቅ ሥራ፣ ወይም ሙሉ የግል ኮንሰርት፣ ከውጭ ዳኛ ጋር። ግን የቃል ጥያቄውን ከመድረኩ አንሡትና በሌላ ቀን በዝግ ክፍል አድርጉት። ኦርኬስትራ ከሌለ ለአምስት ለስድስት ሰው የተጻፈ ሥራ ይበቃል። ባለፈው ዓመት የተመረቀ ሰው አድማጮቹ መካከል ይኑር፤ ከዚያ በላይ ግን ሥራ ሊሰጥ የሚችል ሰው ይጠራ። የባህል ማዕከል ኃላፊ፣ የባንድ መሪ፣ የስቱዲዮ ባለቤት። መጥሪያውን የሚጽፍ አንድ ሰው መድቡ፤ ፖስተር ለጥፎ መጠበቅ ማንንም አያመጣም።

*የመዘምራን ወይም የቡድን ትምህርት የምትሰጡ።* ጣሊያን። የተማሪውን ድርሻ ለማወቅ ግን ከትርኢቱ በፊት በልምምድ ላይ እያንዳንዱን ለብቻ ስሙት።

*ውጭ አገር ሊወዳደር ያሰበ ተማሪ ያላችሁ።* ፓሪስን ለሱ ብቻ አድርጉለት። ሦስት ዳኛ ጥሩለት፣ የማያውቀውን ኖታ ስጡት፣ ውጤቱን ዓይኑ እያየ ንገሩት። ክፍሉን ሁሉ አብራችሁ አታስጨንቁ።

ወላጆች ደግሞ ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ይህን ጠይቁ። ልጄ በዓመት ስንት ጊዜ በሰው ፊት ይጫወታል? ከዚያ ውስጥ ነጥብ የሚሰጥበት ስንቱ ነው? ዳኛው ማን ነው፣ የራሱ አስተማሪ ነው? ባይሳካለት መድገም ይችላል? ከፈተናው በኋላ የጽሑፍ አስተያየት ይሰጣል ወይስ ቁጥር ብቻ? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ "አንዴ" ከሆነ፣ ያቺ አንዴ ደግሞ ነጥብ የሚሰጥባት ከሆነች፣ ልጃችሁ ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች እስከሆነ ድረስ ሌላ ቤት ፈልጉ።